ራሱን የሚመታ ሰው እየነገረን ነው፦ “ከንቱ ድካም” ለተባለው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከችልኝ እዚሁ ጅማ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። እሷም ቤት እንደኛው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ ሰው አለ። “አንብቢውና የምትይውን ንገሪኝ፤ እኔ ልቤ ወድቋል” አለችኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። እንቅልፌ ጠፋ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ራሳቸውን የሚመቱ፣ የሚነክሱ፣ ጭንቅላታቸውን ከግድግዳ የሚያጋጩ አዋቂዎችን የሚፈልጉትን የሚናገሩበት መግባቢያ በማስተማር ማስተው ይቻላል የሚባለው ከንቱ ድካም ነው። ለምን ቢባል፣ ድርጊቱ ምክንያት የለውም፤ አዋቂ ከእንግዲህ አይማርም፤ የጠየቀውን መስጠት ማቅበጥ ነው፤ ሥዕልና ምልክት ያለችውንም ንግግር ያጠፋል፤ መድኃኒት ወይም እጅ ማሰር ይሻላል፤ ደግሞም ነገሩ የፈረንጅ ስለሆነ ለእኛ ቤት አይሆንም። ስድስት ነጥብ ነው። በተራ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለማን እንደማወራ ልናገር። ታናሽ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። “እማ” ይላል፣ “ውኃ” ይላል፣ ከዚያ በላይ ቃል የለውም። ከልጅነቱ ጀምሮ በቀኝ እጁ ጉንጩን ይመታ ነበር። በጥፊ ሳይሆን በጡጫ። የጣቶቹ አንጓ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ተረከዝ ጠንክሯል። ይህን ለማዘን አልጻፍኩም። ጸሐፊው “እነዚህ ሰዎች” እያሉ ሲጽፉ የማን ጉንጭ እንደሆነ አንባቢ እንዲያውቅ ነው።

“ምክንያት የለውም፤ ዝም ብሎ የሚመጣ ነው”

ከስድስቱ ትልቁ ስሕተት ይኼ ነው፤ ሌሎቹ የቆሙት በሱ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ።

ብራያን ኢዋታ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ሥራ አሳተመ። ራሳቸውን የሚጎዱ ዘጠኝ ሰዎችን በተለያየ ሁኔታ ውስጥ እያስቀመጡ አዩ። አንዴ ሲመታ ብቻ ሰው ዞር ብሎ ያናግረዋል። አንዴ ሥራ ይታዘዛል፣ ሲመታ ሥራው ይቆምለታል። አንዴ ብቻውን ይሆናል። አንዴ ደግሞ ምንም ሳይጠየቅ ከሰው ጋር ይጫወታል። መምታቱ በሁሉም እኩል አልሆነም። አንዱ በትእዛዝ ጊዜ ይብስበታል፣ ሌላው ሰው ሲረሳው። ምክንያት የሌለው ነገር እንዲህ ቦታ አይመርጥም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የ152 ሰዎችን ውጤት አንድ ላይ አድርገው አወጡ። 38 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን የሚጎዱት ከማይፈልጉት ነገር ለመገላገል ነው። 26 በመቶ ያህሉ የሰው ትኩረት ወይም አንድ ነገር ለማግኘት ነው። ሌላ 26 በመቶ ያህሉ ግን ሰው ኖረም አልኖረም ያደርጉታል፤ ድርጊቱ ራሱ በሰውነታቸው ውስጥ የሚሰጣቸው ስሜት አለ። ይህንን የመጨረሻውን አልደብቅም። ለነሱ መግባቢያ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። የቀሩት ብዙዎቹ ግን ከኛ የሚፈልጉት ነገር አላቸው።

ወደ ቤታችን ልምጣ። አንዲት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠናች የጎረቤት ልጅ ናት መንገዱን ያሳየችን። ደብተር ገዝተን በሦስት ከፈልነው። በፊት ምን ነበር? ምን አደረገ? ከዚያ እኛ ምን አደረግን? በቃ። ሁለት ሳምንት እናቴ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ። እናቴ “ሁልጊዜ ነው የሚመታው፣ ምን ይጻፋል” ትል ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ጠዋት የለም ማለት ይቻላል። ከሰዓት ቡና ሲፈላ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ቤቱ በጭስና በወሬ ሲሞላ ገጹ ይሞላል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ በራሴ እጅ ጽሑፍ አንድ ነገር ተደጋግሞ አየሁ። “ወደ ጓዳ ወሰድነው።” “ወደ ጓዳ ወሰድነው።” “ወደ ጓዳ ወሰድነው።”

መውጣት ነበር የሚፈልገው። ይህን ያህል ዓመት በጡጫው “ልውጣ” ሲለን ኖሯል። ሰምተንም አውጥተነዋል። ቃል መሆኑን ግን አላወቅንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ማንም ቤት እንዳይዘልለው። ከደብተሩ በፊት ሐኪም። ከዓመታት በፊት ወንድሜ ሁልጊዜ የሚመታበትን ቀኝ እጁን ትቶ በግራው ግራ መንጋጋውን መደብደብ ጀመረ። አንድ የሕክምና ቤት ወስደነው ሳይነኩት “እነሱ እንዲህ ናቸው” ብለው መለሱን። ሌላ ቦታ አፉን ከፍተው ሲያዩ የኋላ ጥርሱ ተበልቷል። ተነቀለለት። በግራ መምታቱ በዚያው ቀረ። የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ቁስል፣ የሆድ ድርቀት፣ ቃር፣ እነዚህ ሁሉ አፍ የሌለውን ሰው ራሱን ያስመቱታል። ድርጊቱ ድንገት ከተለወጠ ወይም ከባሰ መጀመሪያ የሚፈተሸው ሰውነቱ ነው። ዓይንና ጭንቅላት ላይ ከሆነማ ለነገ አይባልም።

“አዋቂ አይማርም፤ ጊዜው አልፏል”

የጸሐፊው ማስረጃ አንድ አባባል ነው፤ ደረቅ እንጨት አይታጠፍም የሚል። ሰው እንጨት አይደለም። ቅድም በጠቀስኩት የ152 ሰዎች ሥራ ውስጥ ልጆችም አዋቂዎችም አሉ። ወንድሜ በመምታት ፈንታ “ልውጣ” የሚልበትን ካርድ መስጠት የጀመረው በ28 ዓመቱ ነው።

እውነት ያላቸው በአንድ ነገር ነው፤ አዋቂ ላይ ይከብዳል። ጡጫው ሃያ ዓመት ሠርቶለታል። ሃያ ዓመት ያልከዳውን መንገድ በአንድ ሳምንት ተው ብንለው ለምን ያምነናል? እጁም የልጅ እጅ አይደለም፤ አንዴ ሲመታ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ይህ ግን ቶሎ ለመጀመር ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው አይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ አዋቂን ስታስተምሩ እንደ አዋቂ ይሁን። የሕፃናት መጽሐፍ ጥንቸል ያለበት ካርድ አታሸክሙት። ወንድሜ ጺሙን የሚላጭ ሰው ነው። ካርዱ ላይ ያለው የራሳችን በር ፎቶ ነው።

“የጠየቀውን መስጠት ማቅበጥ ነው”

ጓደኛዬን ልቧን የጣለው ይኼኛው ነው። ብዙ ቤት የሚፈራውም ይኼንኑ ነው። እኔም ፈርቼው ስለነበር በደንብ ልመልሰው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያላዩት ነገር አለ። ያኔም እየሰጠነው ነበር። ሲመታ ወደ ጓዳ እንወስደው የለ? የተለወጠው የሚከፍለው ዋጋ ነው። ድሮ በጉንጩ ይከፍል ነበር፣ ዛሬ በካርድ።

ሁለተኛ፣ የሚሰጠው ነገር ዝም ብሎ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ሥራ ይህን በግልጽ አሳይተዋል። አራት ልጆች ነበሩ። ሥራ ሲከብደው ለሚረብሽ ልጅ “አልገባኝም” ማለትን አስተማሩት፣ እርዳታ አገኘ። ትኩረት ሲያጣ ለሚረብሽ ደግሞ “ጥሩ እየሠራሁ ነው?” ማለትን። ቃሉ ከምክንያቱ ጋር ሲገጥም ችግሩ ቀነሰ። ካልገጠመ ግን፣ ቃሉን ቢያውቀውም፣ ለውጥ አልመጣም። ማቅበጥ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ቃል ይሠራ ነበር። ለወንድሜ በቡና ሰዓት ከረሜላ ብንሰጠው ኖሮ እየበላ ይመታ ነበር። ሞክረነውም እናውቃለን።

አሁን የኛን ስሕተት ልንገራችሁ። የበራችንን ፎቶ እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ፎቶ ቤት ወስጄ ላሚኔት አስደረግኩት። ከዚያ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀልነው። ቆንጆ ሐሳብ መስሎን ነበር። ወንድሜ የሚቀመጠው ግን ከሶፋው ጥግ ነው። በሱና በሚስማሩ መካከል ረከቦቱ አለ፣ የከሰል ምድጃው አለ፣ የእንግዶች ጉልበት አለ። ጉንጩ ከእጁ አንድ ክንድ አይርቅም። የቱ ይቀርባል? አንድ ሳምንት ሙሉ ካርዱ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ እሱ ጉንጩን ሲመታ ዋለ። እናቴ “አልኩሽ!” አለች። የጎረቤታችን ልጅ መጥታ አየችና ካርዱን አውርዳ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተችው። አዲሱ ቃል ከአሮጌው የቀለለና የፈጠነ ካልሆነ ማንም አይመርጠውም። እኛስ ብንሆን?

ከዚያ ሁለት ሰው ሆነን ሠራን። እናቴ ከኋላው፣ እኔ ከፊቱ። እሱ ሊመታ ሲል ምልክት አለው፤ ጭኑን ማሸት ይጀምራል። ያኔ፣ ሳይመታ በፊት፣ እናቴ ቃል ሳትናገር እጁን ይዛ ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ እጄ። እኔ “ልውጣ! እሺ፣ እንውጣ” ብዬ ወዲያው በሩን እከፍታለሁ። ሳይመታ በፊት ያልኩትን ልብ በሉ። ከመታ በኋላ ካርድ ብናስይዘው “ምታ፣ ከዚያ ካርድ ስጥ” ብለን ማስተማራችን ነበር። እያደር እናቴ እጁን መያዝ ትታ ክንዱን ነካ ብቻ ታደርገው ጀመር። ከዚያ ያንንም ተወች። አንድ ቀን ኩርፍ ብላ ቡና ስትቆላ ራሱ ተነስቶ ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። መቁያውን ጥላ ነው የተነሳችው። ቡናው አረረ።

እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ካርድ መስጠት አላቆመም። ገብተን ሳንቀመጥ እንወጣለን። ጸሐፊው ይህን ቢያዩ “ይኸው!” ይሉ ነበር። ግን መጨረሻው ይህ አይደለም። ቃሉ ከጠነከረ በኋላ መጠበቅም ይማራል። እኛ ጋ ሰዓቱ ቡናው ነው። መጀመሪያ ካርዱን ሲሰጥ ወዲያው ይወጣል። ቀጥሎ “እሺ፣ አቦል ይቀዳና” እንለዋለን፤ ሲኒው ሲሞላ ይወጣል። ከዚያ አቦል እስኪጠጣ። ዛሬ ብዙውን ቀን እስከ ቶና ይቀመጣል። በረካ ላይ እስካሁን አልደረሰም። ግድ የለም።

አንድ ቀን ግን ሁሉም ተበላሸ። የሩቅ እንግዶች መጡ። ወንድሜ ካርዱን አውጥቶ ለአክስታችን ዘረጋላት። አክስታችን ደግ ሴት ናት፤ እሱንም ትወደዋለች። ነገር ግን እንግዳ ፊት አፍራ “ተው፣ አሁን አይሆንም” ብላ ካርዱን ተቀብላ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ሁለተኛ እጁን ዘረጋ። ባዶ እጁን። ከዚያ ከንፈሩ እስኪደማ መታ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ መትቶ አያውቅም ነበር።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። ሥልጠናው የሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰልጣኞቹ እኛ ነን። እሱ ቃሉን በሳምንታት ውስጥ ያዘ። አክስት፣ ጎረቤት፣ አጎት፣ እንግዳ ያንን ቃል ሰምቶ እንዲመልስ ማድረግ ግን እስከዛሬ አላለቀም። የማይመለስለት ቃል ይዞ ምን ያድርግ? አሁን አዲስ ሰው ቤት ሲገባ ገና ሳይቀመጥ እናቴ “ካርድ ከሰጠህ ተነስና በሩን ክፈትለት” ትለዋለች። ቤት ለእንግዳ እንደማለት ሆኗል።

“ሥዕልና ምልክት ንግግሩን ያጠፋል”

አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ በደንብ የተሠሩ የ27 ሰዎችን ውጤት አይቶ ነበር። በምልክት ወይም በሥዕል መግባባት ከጀመሩ በኋላ 89 በመቶው የሚናገሩት ጨመረ፤ የቀሩት ባሉበት ቆዩ፤ የቀነሰበት አንድም ሰው አልተገኘም። ወንድሜም ካርዱን ሲሰጥ “ጣ” የምትል ድምፅ ያወጣል። ከ“ልውጣ” መጨረሻ የያዛት ናት። ከዚያ በላይ እንደሚሄድ ቃል አልገባም።

“መድኃኒት ወይም እጅ ማሰር ይሻላል”

ስለ ማሰር ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ካልጻፍኩ ውሸታም እሆናለሁ። እኛም አስረነዋል። የጥርሱ ነገር ከመታወቁ በፊት፣ ለወራት፣ እንግዳ ሲመጣ እጁን በነጠላ። ለስላሳ ጨርቅ ነው፣ አያምም ብለን። እጁ ሲታሰር በጉልበቱ ግንባሩን መምታት ጀመረ። ያን ሁሉ ጊዜ የዘጋነው አንዱን መንገድ ብቻ ነበር፤ ሊል የፈለገው ነገር እዚያው ነበር። ጭንቅላት የሚከላከል ለስላሳ ቆብ እየተማረ ሳለ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ ሰውን መጠበቅ ነው። ማሰር ግን ዝም ማሰኘት ነው።

መድኃኒትን በጅምላ አላወግዝም። ሪስፔሪዶን የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚረዳው ሰው አለ፤ ሐኪም ያዘዘውንም ማንም በራሱ አያቁም። ነገር ግን “ይሻላል” የሚለው ውኃ አይቋጥርም። እ.ኤ.አ. በ2008 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በእንግሊዝና በአውስትራሊያ 86 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎችን አየ። ችግራቸው ጠበኝነት ነበር። ለአንዱ ቡድን ሪስፔሪዶን፣ ለአንዱ ሃሎፔሪዶል የሚባል ሌላ መድኃኒት፣ ለአንዱ ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ተሰጠ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሁሉም ቡድን ተሻሻለ፤ የበለጠ የተሻሻለው ግን ባዶውን እንክብል የወሰደው ነው። ጥናቱ ስለ ጠበኝነት እንጂ ራስን ስለመጉዳት ብቻ አልነበረም፤ ይህን አልሸፍንም። ቢሆንም መድኃኒት ስጡና ገላግሉት የሚለውን ሰው ቆም ሊያደርገው ይገባል። እንክብል የትኛውንም ሰው “ልውጣ” ማለት አያስተምርም።

ሕጉም አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ሰው በመረጠው የመግባቢያ መንገድ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። የወንድሜ መንገድ ኪሱ ውስጥ ያለችው ካርድ ናት።

“የፈረንጅ ነው፤ ለእኛ ቤት አይሆንም”

ጥናቱ የፈረንጅ ነው፤ ብያለሁም። ቤታችን የገባው ግን ደብተር፣ ፎቶና ሁለት ሰው ነው። ያውም ፎቶው ቋንቋ አይመርጥም። እኛ ቤት አማርኛ ነው፣ ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ኦሮምኛ ይናገራሉ። በሩን ሲያዩ ሁሉም ይገባቸዋል።

ሁሉም ነገር ካርድ መሆንም የለበትም። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወንድሜ ጆሮውን ይመታል። ዝናብ ውስጥ ውጣ አይባልም። ጋቢ ስናከናንበው ይረጋጋል፤ ስለዚህ ጋቢውን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተውንለት። አሁን ደመናው ሲጠቁር ራሱ ጎትቶ እናቴ ጋ ይዞ ይመጣል። ይህ የየትኛው ፈረንጅ ነው?

ባለሙያ የለም የሚሉት ላይ ግን አልከራከራቸውም። እጥረቱ ያንገበግበኛል። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው አዲስ አበባ ነው። ከእኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አብዛኛው አገልግሎት ደግሞ ለልጆች ነው፤ ሰው ሠላሳ ሲሞላው ማንም የሚጠይቀው የለም። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተሞክሯል። የተሰናዳው ልጆች ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ነገር ግን ቤተሰብ ራሱ ሊማር፣ ሊሠራም እንደሚችል ታምኖበት ነው የተሰናዳው። እዚህ ከተማችን ውስጥም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስተምራል። ከተማሪዎቹ አንዱ ሰፈራችሁ ካለ በሩን አንኳኩ። እኛን ያዳነን እንዲህ ያለ ጎረቤት ነው።

ለጓደኛዬ የመለስኩላት ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ደብተር ይዤ እሷ ጋ እሄዳለሁ።

እኛ ቤት አሁን የተያዘው “አሞኛል” የምትለዋ ካርድ ናት። ከጥርሱ በኋላ ነበር መጀመር የነበረብን፤ ዘግይተናል። እስካሁን በትክክል የተጠቀመባት ሦስት ጊዜ ነው። ሌላ ጊዜ ሲርበውም ይሰጠናል። ሦስተኛው ባለፈው ረቡዕ ሌሊት ነበር። እናቴን ቀስቅሶ ካርዷን እጇ ላይ አደረገ። የቱ ጋ እንዳመመው ግን ማወቅ አልቻልንም፤ ሆዱን ነካን፣ ጆሮውን ነካን፣ እስኪነጋ አብረነው ተቀመጥን። አልመታም። አሁን በአንድ ካርቶን ላይ የሰው አካል እየሳልኩ ነው፤ ጣቱን እንዲያሳርፍበት።